የ12ኛ ክፍልን ዓመት የማበላሻ መመሪያ

የ12ኛ ክፍልን ዓመት ከነተከታዩ ማበላሸት የሚፈልግ ቤተሰብ ካለ ሥራውን ከእቅዱ ይጀምር፤ እቅዱም ለአንድ ውጤት ብቻ ይውጣ። ልጁ ብሔራዊ ፈተናውን ያልፋል፣ የመረጠው ዩኒቨርሲቲ ይመደባል፣ የተመኘውን ትምህርት አጥንቶ ይመረቃል፣ ሥራ ይይዛል። ከዚህ ሌላ ሊሆን ስለሚችለው ነገር እቤት ውስጥ ጨርሶ አይወራ፤ ያነሣ ካለም «አታሟርት» ተብሎ ዝም ይበል። ምክሩ ፍቱን መሆኑን ለመረዳት የአራት ዓመታት ውጤት ማየት ይበቃል። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. ፈተና ከተፈታኞቹ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ አለፉ። ቁጥሩ ከፍ እያለ መምጣቱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ከአራቱ በተሻለው ዓመት እንኳ ከ585 ሺህ በላይ ልጆች ተፈትነው ማለፊያውን ያገኙት 49 ሺህ አይሞሉም። እንግዲህ ከአሥር ቤት በዘጠኙ የገባው፣ ማንም ሊያወራበት ያልፈለገው ውጤት ነው። ብዙ ልጆችን የሚሰብራቸው ውጤቱ ሲመጣ ማንም ምንም አስቦ አለመጠበቁ ነው፤ የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያም ይኸው ነው።

ጥናቱን ለማበላሸት ደግሞ ከ12ኛ ክፍል መጽሐፍ ጀምሩ፣ ያውም ከጥምቀት በኋላ። ጥያቄው ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ካለው ትምህርት እንደሚወጣ የማያውቅ ተማሪ የለም፤ ቢሆንም የ9ኛ ክፍልን ሒሳብ መልሶ መክፈት እንደ ውርደት ይቆጠራል። ይህ ኩራት ምን ያህል እንደሚያስከፍል ቀላል ስሌት ያሳያል። አራት አማራጭ ያላቸው 100 ጥያቄዎች ቀርበዋል እንበል። ምንም ሳያውቅ በግምት የሚያጠቁር ተማሪ በአማካይ 25 ያገኛል። ሃያ አምስቱን በእርግጥ አውቆ የቀረውን የሚገምተው 44 ገደማ ላይ ይቀራል። ሠላሳ አራቱን የሚያውቀው ግን፣ የቀረውን ገምቶም ቢሆን፣ 50ን ይሻገራል። በሁለቱ ልጆች መካከል ያለው የእውቀት ልዩነት ከመቶ ዘጠኝ ጥያቄ ብቻ ነው። እነዚያ ዘጠኝ ጥያቄዎች ደግሞ በአብዛኛው ከባዱ ምዕራፍ ውስጥ አይገኙም፤ ክፍልፋይ፣ እኩልታ፣ ግራፍ ማንበብ፣ የእንግሊዝኛ ሰዋስውን በመሳሰሉ፣ ማንም ሰው አስተማሪ ሳይጠብቅ ሊከልሳቸው በሚችላቸው የ9ኛና የ10ኛ ክፍል ነገሮች ውስጥ ናቸው።

ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን መሥራት ጥሩ ነው ሲባል ትሰማላችሁ። ይህንንም ማበላሸት ይቻላል፤ መልሱን አጠገባችሁ አስቀምጡና ጥያቄውንና መልሱን አከታትላችሁ አንብቡ። እያንዳንዱ መልስ ሲታይ «ይኼማ ገብቶኛል» ያሰኛል፤ ፈተና አዳራሽ ውስጥ ግን መልሱ አጠገብ የለም። የተሠራን አይቶ መረዳትና ባዶ ወረቀት ላይ ራስን ችሎ መሥራት በፍጹም የማይተካኩ ችሎታዎች ናቸው። ዓመቱን ላለማበላሸት የሚፈልግ ልጅ የሚያደርገው ይህን ነው፤ ስልኩን ሌላ ክፍል ያስቀምጣል፣ ሰዓት ይዞ አንድ ሙሉ ፈተና ይሠራል፣ ከዚያ ያርማል፤ ከሳታቸው ጥያቄዎች ጎን «10ኛ፣ ምዕራፍ 3» እያለ የመጡበትን ክፍልና ምዕራፍ ይጽፋል። ሁለት ሦስት ፈተና እንዲህ ሲሠራ ተመሳሳይ ምዕራፎች እየተመላለሱ ይመጣሉ። የሳምንቱ የጥናት ፕሮግራም ከዚያ ዝርዝር ይወጣል እንጂ ከጓደኛ አይገለበጥም።

በቴሌግራም «የዘንድሮ ፈተና እጃችን ገብቷል» የሚሉትን ማመን ሌላው አስተማማኝ መንገድ ነው። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው በእርግጥ ሾልኮ ወጥቶ ነበር፤ የተከተለው ግን ፈተናው ተሰርዞ ሐምሌ ላይ እንደ አዲስ መሰጠቱ ነው። የሾለከውን ይዞ የተዘጋጀ ምንም አላተረፈም። ዛሬ ተፈታኞች ያለ ስልክ ይፈተናሉ። በፈተናው ዋዜማ ገንዘብ የሚጠይቅ ቻናል የሚሸጠው የልጆችን ጭንቀት ነው፤ እንቅልፍ የሚያሳጣቸውም ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ አለ፣ በቀላሉ ልናልፈውም አይገባም። ቤተ ሙከራና መጻሕፍት በሌሉበት፣ የፊዚክስ መምህር አጋማሽ ላይ ለቆ በሄደበት፣ ጦርነት ትምህርት ቤቱን ለወራት በዘጋበት ቦታ ያለን ልጅ «ስላላጠናህ ወደቅህ» ማለት ግፍ አይደለም ወይ? ግፍ ነው። በ2015 ዓ.ም. ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ በሙሉ ሲወድቅ ጥፋቱን በየተማሪው ላይ መደልደል ዓይንን መጨፈን ነው፤ ኃላፊነቱ የመንግሥት፣ የትምህርት ቢሮዎችና የትምህርት ቤቶች ነው። ነገር ግን ይህ እውነት ሁለተኛ እቅድ አያስፈልግም የሚል መደምደሚያ አይሰጥም፤ ተቃራኒውን ነው የሚያስገድደው። ዕድሉ በጠበበበት ትምህርት ቤት ያለ ልጅ የሚያስፈልገውን አማራጭ ከማንም በፊት ማወቅ ያለበት እሱ ነው፤ የሚነግረው ሰው የሚያጣውም ብዙውን ጊዜ እሱ ነው።

አሁን ከፈተናው በኋላ ያለውን እናበላሽ። ውጤት ሲወጣ ልጁ ካላለፈ በዚያው ሳምንት፣ ማስታወቂያው በጎላ ኮሌጅ አስመዝግቡት። ኮሌጁ ልጁ ለሚመዘገብበት የትምህርት ዘርፍ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ፈቃድ አለው ወይ ብላችሁ አትጠይቁ። ተማሪዎቹ በመውጫ ፈተና ምን ውጤት እንዳመጡም አትጠይቁ። ይህኛው ጥያቄ በተለይ የሚያስቀይም ነው፤ ምክንያቱም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተናውን ማለፍ ግዴታ ነው፣ በመጀመሪያው ዙር ደግሞ ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች ከግማሽ በላይ ሲያልፉ ከግል ተቋማት ያለፉት ከአምስት አንድ አይሞሉም ነበር። ጥሩ የግል ኮሌጅ የለም ማለት አይደለም። አራት ዓመት ክፍያ ከፍሎ ዲግሪ ሳይዙ መውጣት በገሃድ ያለ ነገር ስለሆነ ግን፣ ከመመዝገብ በፊት ሬጂስትራር ቢሮ ገብቶ «ባለፈው ዓመት ከዚህ ዲፓርትመንት ስንት ተፈተነ፣ ስንት አለፈ?» ብሎ መጠየቅ የቤተሰብ መብት ነው። የማይመልስ ኮሌጅም መልስ ሰጥቷል።

ቴክኒክና ሙያን ደግሞ የሰነፍ መጣያ አድርጋችሁ አውሩበት፣ በተለይ ልጁ እየሰማ። ኤሌክትሪክ፣ ብየዳ፣ የአውቶ ጥገና፣ ምግብ ዝግጅት ዛሬ ገበያ ላይ ያላቸውን ዋጋ ቤቱን ያስጠገነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ሥልጠናው በደረጃ እየተከፈለ ወደ ላይ እንደሚያድግና በብቃት ምዘና፣ ሲኦሲ በምንለው፣ እንደሚረጋገጥ ግን ለብዙ ቤተሰብ አልተነገረም። ላለፉትም ቢሆን የሚዘለል ነገር አለ። «ሐኪም ትሆናለህ» የተባለ ልጅ ብሔራዊ ፈተናውን ስላለፈ ብቻ ሕክምና አይገባም፤ በመካከሉ የመጀመሪያው ዓመት የፍሬሽማን ውጤትና የዲፓርትመንት ምደባ አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን መግቢያ ፈተና ይሰጣል። ማለፊያውን ሳያመጣ ሪሚዲያል የተባለውን የማካካሻ ትምህርት የሚገባውም አንድ ዕድል አገኘ እንጂ ገና አላለፈም፤ መጨረሻው ላይ ሌላ ፈተና ይጠብቀዋል።

ወላጆች በተደጋጋሚ የሚያነሡት ሥጋት አለ፤ ስለ ሁለተኛ አማራጭ ከተወራ ልጁ ይዘናጋል፣ ተስፋውን ዝቅ ያደርጋል ይላሉ። ሥጋቱ ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አከብረዋለሁ፤ ግን ልጆቹ የሚኖሩትን አያይም። ውጤቱን የሕይወትና የሞት ጉዳይ ያደረገ ልጅ አንዲት ከባድ ጥያቄ ሲያይ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ የሚያውቀውም ይጠፋበታል። ቢወድቅ የቤተሰቡ ልጅነቱ እንደማይቀነስ፣ በቀጣዩ ዓመት የት ሊሆን እንደሚችል አውቆ የገባ ልጅ ያቺን ጥያቄ አልፎ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። መዘናጋትን ከፈራችሁ የጥናቱን ሰዓት ጠብቁ፤ ለዚያ ሲባል የልጁን ነገ መደበቅ አያስፈልግም።

የመጨረሻው ምክር ፈተናው ካለቀ በኋላ ያለውን ክረምት ይመለከታል። ባለፉት ዓመታት ከፈተናው እስከ ውጤቱ ሁለት ወር ገደማ ነበረ። ዓመቱን ሙሉ በሙሉ ማበላሸት ከፈለጋችሁ ልጁ እነዚህን ወራት ስልኩ ላይ ውጤት ወጣ አልወጣ እያለ ያሳልፋቸው። ካልፈለጋችሁ ግን ሐምሌ ላይ፣ ማንም በማያለቅስበት ጊዜ፣ አብራችሁት በአቅራቢያችሁ ያለውን የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ወርክሾፕ ሂዱና እዩ፤ አቅማችሁ የሚፈቅደውን የወር ክፍያ በብር ቆርጣችሁ ንገሩት፤ እንደገና መፈተን ከፈለገ ዓመቱን ማን ጋር፣ በምን ገንዘብ፣ በቀን ስንት ሰዓት እያጠና እንደሚያሳልፍ በወረቀት ይጻፍ። ውጤቱ ሲወጣ እቤት ውስጥ የሚጀመረው ወሬ «አሁን ምን ይሻላል?» ከሚለው ሳይሆን ከዚያ ወረቀት ይሆናል።