ጭረቴን ሳይቀር!

ሰው ዶሮ ይሰረቃል፣ በግ ይሰረቃል። እኔን በዚህ በገሳይ ከተማ ብርድ የሰረቁኝ ስህተቴን ነው!

ብር አንጥረኛ ነኝ። አንድ ተለማማጅ አለኝ፤ ትጉ ነው፣ ምላሱ ግን ከመቅረጫው ይሰላል። ጀማሪ ብር አይነካም፤ በማን እዳ? የመዳብ ቆርቆሮ ሰጠሁትና፣ በሌላ ቆርቆሮ እኔው ሐረግ ቀርጬ «ይህን እያየህ ቅረጽ» አልኩት። መቅረጫን ቀጥ አድርገህ ከያዝከው ይሰምጣል፣ አብዝተህ ካጋደምከው ያመልጥሃል፤ መዞሪያው ላይ ደግሞ እጅህን ሳይሆን ቆርቆሮውን ነው የምታዞር። ይህን እያስረዳሁ ሳለ የጉና ተራራ ንፋስ በበሩ ስንጥቅ ገባና አስነጠሰኝ። መቅረጫው ተንሸራቶ ሦስተኛው ቅጠል ጫፍ ላይ የድመት ጥፍር የምታህል ጭረት ጣለ። «እቺን እንዳትቀርጽ» አልኩት።

ልጁ ቆርቆሮዬን ጥቀርሻ ቀባ፣ ላዩን ጠረገ፣ እርጥብ ወረቀት ጫነበት፣ በማንኪያ ጀርባ አሸው። ሐረጌ ወረቀቱ ላይ ቁጭ! ይህን እንኳ እኔው ነኝ ያስተማርኩት፤ የገዛ ሥራውን እንዲያይበት ብዬ። እሱ ግን ወረቀቱን ለጓደኛው ሰጠ፣ ጓደኛው ለጓደኛው፤ ሲል ሲል ደብረ ታቦር ገባ።

እኔም ለጉዳይ ደብረ ታቦር ብሄድ፣ አንዱ ነጋዴ ስድስት መስቀል ዘርግቷል። ሐረጌ ናት! ወረቀት እንደ መስታወት ይገለብጣልና ግራዋ ቀኝ ሆናለች። ያቺ የድመት ጥፍርም በስድስቱም መስቀል ላይ ጉብ ብላለች። «ይቺ ደግሞ ምንድን ናት?» ብለው፣ «አዲስ ፋሽን ናት አባቴ፤ እሷ ያለችበት ዋጋው ይጨምራል» አይለኝም! እዚያው አጠገብ ጋፋት ለአፄ ቴዎድሮስ የተሠራው ሴባስቶፖል መድፍ 7 ቶን ያህል ስለሚመዝን ነው እንጂ፣ እሱንም ጥቀርሻ ቀብተው ወረቀት በጫኑበት።

ሕግ ያነበበው የወንድሜ ልጅ ዘንድ ሄጄ አለቀስኩ። «አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለልዎ» አለኝ። የቅጂ መብት ቅርጻ ቅርጽንም ይጠብቃል፤ ባለቤቱ በሕይወት እስካለ፣ ከሞተም በኋላ 50 ዓመት፣ ባያስመዘግብም። ለራሱ መማሪያ አንድ ቅጂ ያነሳ አልሰረቀም፤ አባዝቶ የሸጠ ነው ጥፋተኛው። የዕቃ ንድፍ ደግሞ በአዋጅ 123/1987 ይመዘገባል፤ 5 ዓመት ይጠበቃል፣ እየታደሰ እስከ 15 ይደርሳል፤ ግን አዲስ መሆን አለበት። ደስ ብሎኝ ቆርቆሮዬን አወጣሁ። ልጁ አገላብጦ አየና፣ «አጎቴ፣ ሐረጉማ የአባቶች ነው። እዚህ ላይ የእርስዎ አዲስ ሥራ ጭረቷ ብቻ ናት» አለኝ። ሃምሳ ዓመት የሚጠበቀው እንግዲህ ማስነጠሴ ነው!

ዘመን ተገለባበጠ። ድሮ አንጥረኛውንም ብረት ሠሪውንም «ቡዳ ነው» እያሉ ከዓይኑ ይሸሹ ነበር። ዛሬ እነሱ ዓይናቸውን ሥራችን ላይ ተክለው ውለው ያድራሉ። እስቲ ቡዳው ማን ሆነ?

ይህን ስል ተለማማጁ አያርፍም። «አያ፣ አባቶቻችን አቅልጠው መስቀል የሠሩበት ጠገራ ብርስ ቅጂ አልነበረም?» አለኝ። ነው፤ ምን ላድርግ! ብሩ ላይ ምስሏ ያለው ንግሥት ማርያ ቴሬዛ በፈረንጅ 1780 ሞተች። ብሯ ግን ቪየና ብቻ ሳይሆን ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይ ድረስ እየተመታ፣ ሁሌም «1780» እንደተጻፈበት ነበር። የእኛ ሰው የጌጧን ፈርጥ አንድ ባንድ ሳይቆጥር አይቀበልም ነበር። ነጋዴው ግን መስቀሉን ሲገዛ ቅጠሉን ሊቆጥር ቀርቶ የማን እጅ እንደሆነ አልጠየቀም።

እኔም ፈረድኩ። «ስትማር ቅዳ፤ ሳይቀዳ የተማረ እጅ የለም። ከቆርቆሮህ ጀርባ ግን ከማን እንደቀዳህ ጻፍ። ለሰው ስትሰጥ ባለቤቱን ጠይቅ። የራስህ ሐረግ እስኪወጣልህ ድረስ የሰው ሐረግ አትሽጥ።»

«እሺ አያ» አለና ቆርቆሮዬን ገለበጠው። ጀርባው ባዶ ነው። «እርስዎስ ከማን ቀዱት?»

«ሙያውን ካስተማረኝ ጌታዬ ነዋ! ይቺን ከግንዱ ሥር ያለችውን ቅንጥብ ታያለህ? የእባቡ ምላስ ናት፤ ሔዋንን ያሳታት። ጌታዬ ቀርጿት አየሁ፤ አርባ ዓመት ሙሉ አንድም መስቀል ላይ አስቀርቻት አላውቅም።»

ልጁ ጎንበስ ብሎ አያት። ከዚያ ያቺን የድመት ጥፍር አየ። እንደገና ምላሲቱን አየ።

«አያ፣ የዚያን ቀን ጌታዎ አስነጥሰው ይሆን?»

«ወናፉን ንፋ!» አልኩት።