ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል

እሑድ ከምሳ በኋላ ቡናው ሁለተኛ ላይ ሲደርስ ክርክር የማይነሳበት ቤት ካለ ቢያሳዩኝ ደስ ይለኛል። ድሮ ተከራክረን ተከራክረን አንዳችን ይደክመንና እንተወው ነበር። አሁን መድከም ቀርቷል፤ «ጉግል አድርገው» ይባላል።

የጥቅምት 30ው ክርክር አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው በ1952 ነው ወይስ በ1953 የሚል ነበር። እኔ 52 አልኩ። ከቅዳሜ ጀምሮ እንግዳችን የሆኑት የባለቤቴ አጎት፣ ጋሼ፣ 53 ብለው ድርቅ አሉ። ስልክ ላይ ማየት ይቻል ነበር፤ ጋሼ ግን በስልክ የታየ ነገር ሁሉ ወሬ ነው የሚሉ ሰው ናቸው። ስለዚህ ሳሎን ጥግ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው ኮምፒውተር ተከፈተ።

መፈለጊያው አልከፈትም አለ። ቀይ ምልክት አወጣና ግንኙነታችሁ አያስተማምንም፣ ሌቦች የይለፍ ቃላችሁን ሊሰርቁ ይችላሉ ብሎ አስጠነቀቀን። አበበን ስንፈልግ ሌባ አገኘን።

መቼም ኮምፒውተር ሲበላሽ ባለሙያ የማይሆን የለም። ልጄ «ኔትወርክ ነው» አለ፤ ዋይፋዩ ተነቅሎ ተሰካ። ባለቤቴ «ደጋግመህ ስለምትጫነው ነው» አለች። «ችግሩን ፈልግ» የሚለው ቁልፍ ተነካ፤ አረንጓዴዋ መስመር እየተሳበች፣ እየተሳበች ሄዳ ምንም ችግር አላገኘሁም አለችን። የሰፈሩ የኮምፒውተር ልጅ ተደወለለት። ዕቃውን ሳያየው፣ «ፋዘር፣ ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ይደረግ» አለኝ። እነዚህ ልጆች ስክሪኑ አቧራ ቢይዝ እንኳ ፎርማት ይደረግ ነው የሚሉት። የልጆቼ የክርስትና ፎቶ ያለው እዚያ ውስጥ መሆኑን ማን ይንገራቸው?

በመጨረሻ ልጄ ሌላ ብሮውዘር ከፈተ። ይሄኛው ዙሪያ ጥምጥም አልሄደም፤ ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል አለ። ሁላችንም ታች ወደ ቀኝ ጥግ አጎነበስን። 2/28/2018 ይላል።

«እኔ ነኝ ያስተካከልኩት» አሉ ጋሼ፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ተደላድለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሌሊት መብራት ጠፍቶ ነበር። ማሽኑ ውስጥ ሰዓቱን የምትይዘው ትንሽዬ ባትሪ ሞታለች መሰለኝ፣ ጠዋት ሲከፍቱት ቀኑ የትናየት ሄዷል። ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን ሒሳብ ሹም ነበሩ፤ የተሳሳተ ቀን እያዩ ማለፍ አይሆንላቸውም። «በራሱ ይስተካከል» የሚለውን አጠፉ፤ ዓመተ ምሕረቱን 2018 አሉት። ጥቅምት ሁለተኛው ወር ነውና ወሩን 2 አሉት። ቀኑን 30 ሊሉት ሲሉ ግን እምቢ አለ። «28 ላይ አቆመኝ። ሁለት ቀን ዋጠብኝ» አሉ፣ የተጭበረበረ ቫውቸር ያገኙ ያህል ቆጭቷቸው። ሰዓቱንም ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ አራት ስለነበር አራት አድርገውታል። አንድም የተሳሳቱት ነገር የለም እኮ!

ድረ ገጽ ሁሉ ሰርተፍኬት አለው፤ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል። እንደ ቀበሌ መታወቂያ ነው። በ2025 የተሰጠ መታወቂያ 2018 ላይ ለቆመ ዘበኛ ቢያሳዩት «ይሄ ገና አልተሰጠም» ብሎ ይመልስዎታል። ኮምፒውተሩም ያደረገው ይህንኑ ነው። (በነገራችን ላይ የዚህ ሰርተፍኬት ዕድሜ በየጊዜው እያጠረ ነው። በፈረንጅ 2029 ከ47 ቀን እንዳይበልጥ ተወስኗል። የቀበሌያችንን ሰልፍ አስቡትና ፍረዱ።)

እስከዚህ ድረስ እስቃለሁ። «ወደ ኋላ ቀርቷል» የምትለዋ ግን አልዋጥ አለችኝ። ማን ነው የቀረው? ማሽኑ ከውስጥ ወርም ዓመተ ምሕረትም አያውቅም፤ የሚቆጥረው ጊዜን ብቻ ነው። ብዙዎቹ ሴኮንድ መቁጠር የሚጀምሩት በፈረንጅ ከጃንዩወሪ 1 ቀን 1970፣ ማለትም ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ነው። ወርና ዓመቱ ለሰው ዓይን ተብሎ ከላይ የሚለጠፍ ነው። የታይላንድ ሰው 543 ዓመት ቀድሞ ይኖራል፤ ኮምፒውተሩ ላይ የራሱን ዘመን ቢያይ የውስጡ ቆጠራ ንክች ስለማይል «ሰዓትዎ ቸኩሏል» የሚለው የለም። የእኛ ቤት ማሽን የዘመን አቆጣጠር ዝርዝር ውስጥ የታይላንዱ አለ፤ ሂጅራ አለ፤ የጃፓን ነገሥታት ዘመን አለ፤ የዕብራይስጡም አለ። የኢትዮጵያ የለም። አሥራ ሦስት ወር ያስቸግራል እንዳይሉን የዕብራይስጡም በየጥቂት ዓመቱ አሥራ ሦስት ወር ይሆናል፣ ያውም ስሌቱ ራስ የሚያዞር ነው። የእኛ አሥራ ሁለት ጊዜ ሠላሳ፣ ከዚያ አምስት ወይም ስድስት፤ የአንደኛ ክፍል ልጅ ይደምረዋል! ፊደላችንን ወስደው «ፌብሩወሪ» ብለው ሊጽፉበት ጊዜ አላጡም፤ የካቲት የምትባል ቃል ለመጨመር ግን እጃቸው አጠረ። ከዚያ ጋሼን የሚያህል ሰው፣ በአገሩ አቆጣጠር አንዲት ቀን ያልዘነፈ ሰው፣ ሳሎን ውስጥ ኋላ ቀር ይባላል።

ቡናው በረካ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጠጣሁና ትንሽ በረድኩ። ቀኑን በፈረንጅ መለስኩት፤ ገጹ ወዲያው ተከፈተ። የሮሙ ማራቶን ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960። ሰባት ይቀነስ ወይስ ስምንት? አዲስ ዓመታችን የገባው በማግስቱ ነው፤ ስለዚህ ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የዓመቱ መጨረሻ። አለቀ አልኩ።

«ሩጫው ያለቀው መሽቶ ነው» አሉ ጋሼ። አዎ፣ መንገዱ ላይ ችቦ በርቶ ነበር። «በቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ቀን የሚጀምረው ከማታ ነው። ስለዚህ መስከረም 1 ቀን 53 ገብቷል።» ባለቤቴ ወደ አጎቷ አጋደለች። ልጄ ቀስ ብሎ ወጣ።

ባትሪዋን በማግስቱ ከሰፈራችን ሰዓት ሠሪ ገዛሁ፤ የሳንቲም ያህል ነች፣ የመኪና ቁልፍም ውስጥ የምትገባዋ ዓይነት። ጋሼ መብራት ሥር ይዘው ጀርባዋን አነበቡ፤ ሲአር 2032 ይላል።

«እስከ 2032 ትሠራለች ማለት ነው?»

ስፋቷ 20 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቷ 3.2 ነው፣ ቁጥሩ መጠኗ ነው ብዬ አስረዳኋቸው። በትዕግሥት አዳመጡኝ።

«እሺ፤ ግን በእኛ ነው በፈረንጅ?» አሉ። «ለማንኛውም ደረሰኙን አስቀምጥ።»