ሜሪላንድ ወይስ ቨርጂኒያ?

ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ለመኖር የቆረጠ ሐበሻ ገና ሻንጣውን ሳይፈታ አማካሪ ይከበዋል። የሲልቨር ስፕሪንጉ "ሜሪላንድ ግባ!" ይለዋል፤ የአሌክሳንድሪያው "ቨርጂኒያ እያለ?" ብሎ ከንፈሩን ይመጥጥለታል።

ቨርጂኒያ መኪና ትወዳለች። ስለምትወድም በየዓመቱ ግብር ታስከፍልበታለች፤ አሮጌዋ ቶዮታ ኮሮላ እንኳ ሳትቀር ዋጋዋ ተገምቶ ሂሳቧ ቤት ድረስ ይመጣል። በሰዓት ከ85 ማይል በላይ የበረረ ደግሞ ቅጣት ከፍሎ የሚገላገል አይምሰለው፤ ነገሩ ወንጀል ነውና ዳኛ ፊት ያስቆማል።

ሜሪላንድ ደግ ናት፤ የግል መኪናን እንዲህ በየዓመቱ አታስገብርም። ዓይኗ ያረፈው ደመወዙ ላይ ነው። ስቴቱ ድርሻውን ከወሰደ በኋላ ሞንትጎመሪ ካውንቲ በተራው ከ3 በመቶ በላይ ይቆርጣል። "ሞቼ እገላገላለሁ" ለሚልም መላ አላት፦ ከአሜሪካ ስቴቶች የሟችን ሀብትም፣ የወራሽን ድርሻም ለየብቻ የሚያስቀርጥ ሕግ ያላት እሷ ብቻ ናት።

እንግዲህ መኪና ያለው ሜሪላንድ፣ ደመወዝ ያለው ቨርጂኒያ ይግባ። ሁለቱም ያለው ፖቶማክ ወንዝ ላይ ሁለቱን ስቴቶች የሚያገናኘው አሜሪካን ሊጅን ድልድይ አለለት፤ በሥራ መውጫ ሰዓት መኪናው ስለማይንቀሳቀስ እንደ መኖሪያ ቤት ሊቆጠር ይችላል።