ቱርቦ ለሳነቴ

የባሌ ሮቤ ጎረምሳ ፒካፑን «ላስነሳው» ብሎ ቆርጧል። መካሪ ሞልቷል፤ ምክሩ ግን አንድ ነው፦ ትልቅ ቱርቦ፣ ትልቅ ኢንጀክተር! ከጎባ ወደ ሳነቴ አምባ ሲወጣ መንገዱ 4,000 ሜትር ያልፋል፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። ትልቁ ቱርቦ እስኪነቃ ኢንጀክተሩ በቂ አየር ያላገኘ ናፍጣ ያርከፈክፋል። ትርፉ ጥቁር ጭስ፣ የጋለ ፒስተንና አፍንጫውን የያዘ ቀይ ቀበሮ ነው። ስንዴ የጫነ አሮጌ አይሱዙ ጥሩንባውን እየነፋ ያልፈዋል። ጎረምሳው ግን፣ «ድምፁን ሰማችሁ?» ይላል። ሰማን እንጂ፤ ከተራራው ማዶ ያለው ዴሎ መናም ሳይሰማ አልቀረም።

ወንድም ዓለም፣ ቶሎ የሚነቃ መጠነኛ ቱርቦ፣ አየሩ የሚችለውን ያህል ናፍጣ፣ ይበቃሃል። የተረፈህን ብር ለፍሬን ሸራ አውለው፤ ከሳነቴ ማዶ የሐረና ቁልቁለት ይጠብቅሃል።