ለማየትም ይከፈላል

ኤድያ! እንግዲህ መሳቅም በደረሰኝ ሆነ።

በእኛ ልጅነት ደሴ ላይ ልጅ ማጫወት ወጪ አልነበረውም። የጦሳ ተራራ በር የለው፣ ዘበኛ የለው። ሽቅብ ወጥተን ቁልቁል እንንከባለላለን፤ ቁምጣችን ይቀደዳል፤ ማታ እናታችን ትገርፈናለች። ግርፊያውም ቢሆን በነጻ ነበር።

ዛሬ የሦስት ዓመት የልጅ ልጄን ለማጫወት ቤተሰቡ ስብሰባ ይቀመጣል። «አባዬ፣ እሑድ ኮምቦልቻ እንውረድ፤ ልጁ ትንሽ ይጫወት» ትላለች ልጄ። እቤት አልተጫወተም እንዴ? ትናንት ድስቱን ከበሮ አድርጎ ሲደልቅ፣ ጎረቤት ሠርግ ያለ መስሎት ብቅ አላለም?

ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከፍታው ግን ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል። ስንነሳ ብርዱ አጥንት ስለሚሰብር ልጁ በሹራብ ላይ ሹራብ ይደረብበታል። ዶሮ መዝለያን ስንወርድ አንዱ ይወልቃል። ኮምቦልቻ ስንደርስ ሁሉም ወልቆ እኔ ክንድ ላይ ተቆልሏል። አያት ማለት ለካ የሚራመድ ቁም ሣጥን ነው!

መጫወቻው በር ላይ ለሁላችንም ትኬት ቁረጡ ተባልን። «እኔ እንኳ አልጫወትም፤ ልጁን ልይ ብዬ ነው» አልኳት ትኬት ቆራጯን። «ማየትም ይከፈልበታል አባባ» አለችኝ። ባለቤቴ ቋጥራ ያመጣችውን ቆሎ ደግሞ «ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው» ብለው አስቀሩት። ድንች ጥብስ ግን እዚያው ውስጥ በእጥፍ ዋጋ ይሸጣል፤ እሱ ምግብ አይደለም መሰለኝ።

ከገባን በኋላስ? ለመንሸራተቻው ሌላ፣ ለመዝለያው ሌላ፣ ለምትሽከረከረው ፈረስ ሌላ። ልጁ ፈረሷ ስትነሳ ፈርቶ አለቀሰ፤ ስትቆም ደግሞ ለምን ቆመች ብሎ አለቀሰ። መሬት ላይ የለስላሳ ቆርኪ ሲያገኝ ግን ፊቱ በራ። እኔም ጉዳዩ የገባኝ ያኔ ነው። እናቱ ፎቶ ታነሳለች፣ አባቱ ቪዲዮ ይቀርጻል፣ ሁለቱም ለማን እንደሚልኩት ይማከራሉ። ትኬቱ የተቆረጠው ለትልልቆቹ ነበር፤ ልጁ የመጣው ሰበብ ሆኖ ነው።

ይህ ሳይበቃ «አዲስ አበባ ወስደን አንድነት ፓርክን እናሳየው» ተባለ። 400 ኪሎ ሜትር! ፓርኩ በ2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ሲከፈት መደበኛ መግቢያው 200 ብር፣ ቪአይፒው 1000 ብር ነበር። ማማሩንስ አምሯል ይላሉ። እኔን የሚከነክነኝ እዚያው ግቢ ያለው የምኒልክ የግብር አዳራሽ ነው። ያኔ ግብር ሲገባ በሺህ የሚቆጠር ሰው ብርንዶውን በልቶ፣ ጠጁን ጠጥቶ፣ አፉን ጠርጎ ይወጣ ነበር። እዚህ ደሴም ንጉሥ ሚካኤል በአይጠየፍ አዳራሽ ሕዝቡን ሲያበሉ ሒሳብ የጠየቀ የለም። አያት ሥጋ ቆርጦ የወጣበትን አዳራሽ የልጅ ልጅ ትኬት ቆርጦ ባዶውን ይጎበኛል። እሱንም ቆሎ ሳይዝ!

ይህን ብናገር ልጄ ተቆጣች። «አንቱ ደግሞ ሁሉን በብር ይለኩታል! ልጁ ፓርክ ሳያይ ይደግ?»

ፓርክማ እዚሁ ኮምቦልቻ አለን፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ። እዚያ ገብቶ የሚውል ሰው ደመወዝ ይዞ ይወጣል እንጂ በየማዕዘኑ ኪሱን አያራግፍም።

«እሱ እኮ ገና ሦስት ዓመቱ ነው!» አለች።

«እንግዲያው እናንተ ግቡበትና የእሱን ፈረስ ክፈሉ» አልኳት።