የአንበሳ ሦስት ደመወዝተኞች

ተረት ተረት፤ የላም በረት።

በድሮ ጊዜ፣ ሐረርጌ ውስጥ ከጋራ ሙለታ ግርጌ፣ ዝንጀሮ፣ ጃርትና ሚዳቋ ለአንበሳ አድረው ይኖሩ ነበር። ወር በገባ ቁጥር ለእያንዳንዳቸው አሥር አሥር ቁና ማሽላ ይሰፈርላቸዋል። ድካማቸው እኩል፣ የሚሰፈርላቸውም እኩል ነበር።

ዝንጀሮ ማሽላውን እንደተቀበለ ጠላ ይጠነስሳል፤ ጎረቤት ይጠራል። አገሩ ሁሉ «እንደ ዝንጀሮ ያለ ቸር የለም» እያለ ያሞግሰዋል። ወሩ ሳይጋመስ ግን ባዶ ቁናውን ይዞ ብድር ፍለጋ በየደጁ ይዞራል።

ጃርት ቁጥብ ነው። ጉድጓድ ቆፍሮ ከአፉ የተረፈውን ሁሉ ይቀብርና የጉድጓዱን አፍ በጭቃ ይመርጋል። «ከእንግዲህ ማን ይነካዋል?» ብሎ ይተኛል።

ሚዳቋ ማሽላው ቤት እንደገባ፣ ገና ሳትቀምስ ሁለት ቁና ለብቻ ታኖራለች። «በልቼ የተረፈኝን አስቀምጣለሁ ብል ምንም አይተርፈኝም» ትላለች። መጀመሪያ ለክፉ ቀን የሚሆን፣ ሦስት ወር የሚያከርም እህል በጎታ ሞላች፤ አሮጌውን እየበላች በአዲስ ትተካዋለች። ጎታው ከሞላ በኋላ የሚተርፈውን ለሥራ አወጣችው። በከፊሉ የቡና ችግኝ ገዝታ ከዋንዛ ጥላ ሥር ተከለች፤ በከፊሉ ከጎረቤቶቿ ጋር አዋጥታ ቀፎ ሰቀለች።

ቡና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት አራት ዓመት ይፈጃል። «ሚዳቋ ቅጠል ታጠጣለች፤ እኛ ጠላችንን እንጠጣለን» ብለው ዝንጀሮና እንግዶቹ ሳቁባት። እርሷ ግን መኮትኮቷን አልተወችም።

ቡናው ሊያብብ ሲል ቀበሮ መጣ። «አንድ ቁና የሰጠኝ በወሩ ሁለት ይወስዳል» አለ። ለቀደሙት በእርግጥም ሁለት ሁለት ሰጣቸው፤ የሚሰጠው ግን ኋላ ከመጡት የተቀበለውን ነበር። ዝንጀሮ ተበድሮ ሰጠ። ሚዳቋ ግን «አያ ቀበሮ፣ እርሻህ የት ነው? እስቲ አሳየኝ» አለችው። የሚያሳያት እርሻ አልነበረውም። ሰነባብቶ አንድ ሌሊት እህሉን ይዞ ጠፋ።

አንበሳ አረጀና ደመወዙ ቆመ። ዝንጀሮ ከዕዳው ጋር ቀረ። ጃርት ጉድጓዱን ከፈተ። ከላይ እርጥበት ገብቶ ሻግቷል፤ የቀረውን ነቀዝ ውስጥ ውስጡን በልቶ ልጣጩን ትቶለታል። «እኔ እኮ አላባከንኩም!» ብሎ አለቀሰ። እውነቱን ነው፤ ነቀዝ ነው የበላበት።

ሚዳቋ ግን ከጎታዋ እየበላች ቡናዋን ለቀመች። ቡና አንድ ዓመት አብዝቶ ካፈራ በተከታዩ ይሳሳል፤ በሳሳበት ዓመት ከማሩ የሚደርሳት ድርሻ ደገፋት። ጎረቤቶቿንም ሰብስባ ዕቁብ አቋቋመችና «ዕቁብ የደረሰው ሁሉ በድግስ ከሚጨርሰው ቀፎ ይስቀልበት» አለቻቸው። መጀመሪያ የሰቀለው ዝንጀሮ ነበር።

ነቀዙ ዛሬም አለ፤ የዋጋ ንረት እንለዋለን። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ፍራሽ ሥር የተቀመጠ ብር ቁጥሩ አልጎደለም፤ የመግዛት አቅሙ ግን ወረደ። በጋራ የሚሰቀለው ቀፎም አለ። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም አንዱን አክሲዮን በ300 ብር ለሕዝብ ሲያቀርብ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን፣ ማለትም 9,900 ብር ነበር። በዚያው ዓመት ጥር አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚገዛበት የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ ተከፈተ። አክሲዮንም እንደ ቡናው የሚሳሳበት ዓመት አለውና ያለንን ሁሉ አንድ ቦታ አንትከለው። ቀበሮውም አልሞተም፤ ዛሬ በየስልካችን እየገባ በወር እጥፍ እንደሚከፍለን ይነግረናል።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ደመወዝ ሲገባ ትንሽም ብትሆን የነገውን አስቀድመን እንለይ። የክፉ ቀኑን ጎታ እንሙላ። ከዚያ የሚተርፈውን አይተን በምናውቀው ሥራ ላይ እናውለው፤ እርሻውን ለማያሳየን ሰው ግን አንዲት ቁና እንኳ አንስጥ።