ውኃ ያልመጣበት የጥፋት ውኃ

በሰሜን አሜሪካ በደላዌር ወንዝ ዳር፣ እ.ኤ.አ. በ1955 የወረደው ብርቱ ጎርፍ ያስደነገጠው መንግሥት በ1962 በወንዙ ላይ የሚሠራውን የቶክስ ደሴት ግድብ በሕግ አጽድቆ፣ «ሸለቆው ባሕር ይሆናልና ውጡ» ብሎ ባላገሩን ከአባቶቹ ርስት አፈናቅሎ፣ ብዙውን ቤት በቡልዶዘር ካስናደ በኋላ፣ በ1975 ወንዙ የሚነካቸው የአራቱ ግዛት ገዥዎች ጉባኤ ተቀምጠው ሦስት ለአንድ በሆነ ድምፅ ግድቡን ተዉት። በኖኅ ዘመን እንኳ ትንቢቱና ዝናሙ ተያይዘው መጥተው ነበር፤ እዚህ ግን ሕዝቡ ወጣ፣ ውኃው ቀረ። ዛሬ በሸለቆው ውስጥ በዋልፓክ አካባቢ ከተረፉት ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ የሚል መንገደኛ፣ የግድግዳው ወረቀት ተልጦ፣ ሐረግም በመስኮት ገብቶ እንደ ባለርስት ተንሰራፍቶ ያገኘዋል፤ ለሐረጉ የመልቀቂያ ማስታወቂያ የጻፈለት ሹም የለማ! መሬቱ ለባለቤቶቹ አልተመለሰም፤ ብሔራዊ መናፈሻ ተብሎ በመንግሥት እጅ ቀርቷል።